እጅ ሳይረጥብ ዓሣ አይነካም

ይህ ማሳሰቢያ በፉሪና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጓሯቸውን ቆፍረው ዓሣ ለሚያረቡ፣ በጾም ሰሞን ዓሣ ለሚነግዱና ገዝተው ለሚያበስሉ ነው። ኩሬ የሌለውም ሰው እስከ ታች ቢያነበው ጊዜው አይባክንበትም፤ ወደ ማብቂያው ስለ እሳት ቃጠሎ የምለው አለኝ።

ነገሩን ያነሳሳኝ የአንድ ጎረቤቴ ኩሬ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል የሰለቻቸው የፉሪ ሰው ናቸው። ከጓሯቸው ጎመኑን ነቅለው ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ወፍራም ላስቲክ አነጠፉበት፣ ውኃ ሞሉትና የቆሮሶ ጫጩቶች ለቀቁበት። ለጥቂት ወራት ሁሉም ደህና ነበር። ዓሦቹ መዳፍ አክለው ኩሬው ሲጠብባቸው፣ በኅዳር ብርድ፣ ግማሾቹን ወደ ሁለተኛ ጉድጓድ ለማዛወር ተነሡ። ውኃውን አጎደሉ፣ ዓሦቹን በማዳበሪያ ጆንያ አፈሱ፣ እየተሙለጨለጩ ያስቸገሯቸውን ደግሞ እጃቸውን አመድ እያስነኩ ጥርቅም አድርገው ያዙ። በአምስተኛው ቀን አስጠሩኝ።

«ና እስቲ እይልኝ ልጄ፣ ዓሦቼ ጥጥ አበቀሉ።»

«ጋሼ፣ በምን ይዘዋቸው ነበር?»

«በምን እይዛቸዋለሁ? በእጄ ነዋ!»

እውነትም በእጃቸው ነበር። ውኃው ዳር ፈዝዞ የቆመ አንድ ቆሮሶ ጀርባ ላይ ነጩ ጥጥ በአራት መስመር ተሰልፏል። ጎንበስ ብዬ ጣቶቼን ከላዩ ብዘረጋ ልክክ አለ፤ የሰው እጅ ያረፈበት ቦታ ነው። በሳምንቱ ከተዛወሩት አብዛኞቹ ሞቱ። ጋሼም በሽታው ከጫጩቶቹ ጋር የመጣ መስሏቸው ያመጣላቸውን ልጅ ሲረግሙ ሰነበቱ።

ልጁ በደል የለበትም። የሆነውን ለመረዳት የዓሣን ቆዳ በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል፤ እኔም የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ወዳጄ አንድ ቀን ቤተ ሙከራ አስገብቶ ባያሳየኝ ኖሮ እንደ ጋሼ እፈርድ ነበር።

በቅድሚያ ስለ ራሳችን ቆዳ። የሰው ቆዳ የላይኛው ንጣፍ የሞተ ነው። ሕዋሳቱ ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ተሞልተውና ደርቀው፣ እንደ ሳር ክዳን ተደራርበው ያሉትን ነው የምንነካው። ገላችንን ስንታጠብ ተፈርፍሮ በሚወርደው እድፍ ውስጥ እሱም አለበት። ጆንያ ብንሸከም፣ ብንፋቅ፣ አመድ ብንነካ የሚጎዳው በአብዛኛው የሞተው ክፍል ነው። ዓሣ ግን ይህን የመሰለ የሞተ ካባ የለውም። ውኃውን እስከምትነካው የመጨረሻዋ ሕዋስ ድረስ ሕይወት ያለው ነው፤ የዚህ ሁሉ ንጣፍ ውፍረት ደግሞ ስስ በሆነበት ቦታ ከሰው ፀጉር እምብዛም አይበልጥም።

ወዳጄ ስላይዱን አስተካክሎ «አሁን እይ» ሲለኝ ያየሁት ይህን ነው። ከላይ ዝርግ ዝርግ ያሉ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተገጥግጠዋል። በመካከላቸው እዚህም እዚያም፣ በሰማያዊ ቀለም የደመቁ፣ ሆዳቸው ሰፋ አፋቸው ጠበብ ያሉ ሌሎች አሉ። መጽሐፉ ጽዋ መሰል ይላቸዋል፤ ለእኔ ትንንሽ እንስራዎች መስለው ታይተውኛል። እነዚህ ናቸው ዓሣውን የሚያሙለጨልጨውን ዝልግልግ የሚሠሩት። ከታች ተወልደው ወደ ላይ እየገፉ ይመጣሉ፣ ከላይ ሲደርሱ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘታቸውን ያፈሳሉ። የፈሰሰው ውኃ ሲያገኝ ያብጥና ዓሣውን ከራስ እስከ ጅራት ይሸፍናል። ዝልግልጉ ዝም ብሎ የሚያንሸራትት ቅባት እንዳይመስላችሁ። የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይምና በሽታን የሚለዩ የመከላከያ ፕሮቲኖች አሉበት። ደግሞም አርጅቶ ሲታጠብ የተጣበቀበትን ጀርም ይዞ ይሄዳል። በየሰዓቱ የሚቀየር ልብስ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። የላይኛዎቹ ሕዋሳት ፊት ለስላሳ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሕዋስ ላይ የተጠማዘዙ ጥቃቅን ሸንተረሮች አሉ፣ ቁርጥ የጣት አሻራ። ዝልግልጉ የሚይዘው በእነዚህ ሸንተረሮች መካከል ነው። አመድ የነካ ጣት ሲያርፍበት ዝልግልጉን ይመጠዋል፣ ሸንተረሩን ይድጠዋል፣ ሕዋሷንም ነቅሎ ይወስዳል። ከእጃችን ላይ «አተላው» ብለን የምናራግፈው ሕይወት ያለው ቆዳ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። ቅርፊት እንደ ቆርቆሮ ከላይ የተለበሰ ይመስለናል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርፊቱ የበቀለው ከታችኛው ቆዳ ነው፤ ያ ስስ ሕያው ንጣፍ ከላዩ አልፎ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከሕያው ዓሣ አንዲት ቅርፊት ወደቀች ማለት ቆዳው ተቀዷል፣ ቁስሉም ለውኃው ክፍት ሆኗል ማለት ነው። የዓሣው ደም ከኩሬው ውኃ የበለጠ ጨው ስላለው ውኃው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጨዉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዓሣው ይህን ለማካካስ ጉልበቱን ይጨርሳል። ጤነኛ ዓሣ በተስማማው ሙቀት ቁስሉን ቶሎ ይሸፍናል፣ ከጎን ያሉት ሕዋሳት እየተንሸራተቱ በሰዓታት ውስጥ ይገጥሙታል። ችግሩ ብርዱ ነው። ፉሪ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ ቆሮሶ ደግሞ የቆላ ሐይቅ ልጅ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መብላቱም በሽታ መከላከሉም ይቀዘቅዛል። ያኔ ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውኃ ሻጋታ፣ ዘሩ ከየትኛውም ኩሬ የማይጠፋው፣ በተራቆተው ቦታ ላይ ይተከላል። የጋሼ «ጥጥ» እሱ ነበር።

እንግዲህ የምታረቡ ሰዎች፣ ዓሣ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በዚያው በኩሬው ውኃ አርሱ፤ ሳሙና፣ ቅባት ወይም በረኪና የነካ እጅ አይሁን። ጆንያና ሸካራ ገመድ ያለው መረብ ተዉ፤ ቋጠሮ የሌለው ለስላሳ መረብ ካላገኛችሁ አጎበር ይሻላል። ማዛወር ካለባችሁ በቅዝቃዜ ወራት ባይሆን ጥሩ ነው፤ ግድ ከሆነም ቀን ሞቅ ሲል፣ ከባልዲ ወደ ባልዲ፣ ሳይቆዩ። በ20 ሊትር ባልዲ 100 ግራም ያህል ጨው መጨመር በመንገድ ላይ ይረዳቸዋል፣ ምክንያቱም በውኃውና በደማቸው መካከል ያለውን የጨው ልዩነት ያጠባል። የመጡበትን ዕቃ አዲሱ ኩሬ ላይ ለሩብ ሰዓት አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሳይቀራረብ አትድፉ። ከሮቶ ወይም ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃም አይጨመርባቸው። ክሎሪኑ ስንጥባቸውን ያቃጥላል፤ ውኃው በተከፈተ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ገና የተፈለፈሉት ደግሞ ስንጥባቸው ሳይጠና ጨውና ውኃን የሚያመዛዝኑት በቆዳቸው ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ነውና፣ ባልዲውን በዱቄት ሳሙና አጥቦ በደንብ ሳያለቀልቅ የሚሞላ ሰው ሁሉንም በአንድ ጠዋት ሊጨርሳቸው ይችላል።

አምባዛና ካርፕ የምታረቡ ከዚህ በላይ የምትጠነቀቁት አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ መከታው ቆዳው ብቻ ነው። የእሱን ስላይድ ስታዩ ከእንስራዎቹ ሌላ፣ በንጣፉ መካከል ተቀብረው፣ ግዙፍና ፈዛዛ የሆኑ፣ አንዳንዶቹም ሁለት አስኳል ያላቸው ሕዋሳት ታገኛላችሁ። ዱላ መሰል ይባላሉ፤ ካርፕም አሉት። ወደ ላይ የሚከፈት አፍ የላቸውም። ይዘታቸው የሚወጣው ቆዳው ሲቀደድ ብቻ ነው። ኦስትሪያዊው የሥነ እንስሳት ጠቢብ ካርል ፎን ፍሪሽ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል የተሸለመው የንቦቹ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ያስታወቀው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ወደ መንጋዋ ብትመለስ ሌሎቹ ደንግጠው ሸሹ፤ ከተቀደደው ቆዳ ውኃው ውስጥ የገባ ንጥረ ነገር ነበር ያስደነገጣቸው። ዛሬ አንዳንድ ተመራማሪዎች የእነዚህ ሕዋሳት ዋና ሥራ ቁስልንና ጥገኛ ተሕዋስያንን መከላከል ሊሆን ይችላል፣ ማስደንገጡ የተከተለ ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም። ለእኛ የሚበቃን ግን ይህ ነው፦ አንዱን አምባዛ ኩሬው ዳር አርዳችሁ ቢላዋውን እዚያው ብታለቀልቁት ለቀሩት የሞት መርዶ አደረሳችሁላቸው ማለት ነው። ዓሣም ለወገኑ ማሳሰቢያ ያወጣል። የደነገጠ ዓሣ ደግሞ መኖ አይቀርብም። ቆሮሶ እነዚህ ሕዋሳት የሉትም፤ ያም ሆኖ ደም ወደ ኩሬ መድፋት ለማንም አይበጅም።

አሁን ወደ ወንዝ ዓሣ እንምጣ። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ጅረት ብዙው ወደ አቃቂ ወንዝ፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው የሚሄደው። ቆዳ ፋብሪካውም፣ ሌላውም ፋብሪካ፣ የከተማውም ፍሳሽ ለዓመታት የሚለቀቀው ወደዚሁ ነው፤ በውኃው፣ በደለሉና በመስኖ በሚለማው አትክልት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። ውኃ ሲመረዝ የዓሣው ቆዳ ቀድሞ ይናገራል። እንስራዎቹ ይበዛሉ፣ ያብጣሉ፣ ዝልግልጉ ከልክ በላይ ይፈሳል፤ ዓሣው ነጣ ያለ ወይም ሰማያዊ ጥላ ያለበት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ልጆች ከአቃቂ ዳር ይዘው የሚመጡትን ዓሣ «ዝልግልጉ በሎሚና በጨው ታጥቦ ይወጣል» ብላችሁ አታብስሉ። ዝልግልጉ የመርዙን ጥቂት ይይዝ ይሆናል፤ ጉበቱና ሥጋው ውስጥ የገባው በሎሚ አይወጣም፣ በመቀቀልም አይጠፋም።

በዐቢይ ጾም ወቅት ከባቱ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሐዋሳና ከጣና የሚመጣው ዓሣ ገበያውን ይሞላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሙግት ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ የእኔ ጉዳይ መበላሸቱ ነው። ሙሉ ዓሣ ስትገዙ ዝልግልጉን በጣታችሁ ዳብሱት። ትኩስ ዓሣ ላይ እንደ እንቁላል ውኃ ጥርት ያለ ነው። ወተት መስሎ ከደፈረሰ፣ ቢጫ ከሆነ፣ ከጣት ጋር እንደ ሙጫ ከተሳበ፣ ሕዋሳቱ ሞተው ዝልግልጉ ለባክቴሪያ ቀለብ ሆኗል። የዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚለው ተረት ግማሽ እውነት ነው፤ ስንጥቡ ያለው አናቱ ላይ ነውና ስንጥቡንም ገልጣችሁ እዩ፣ ደማቅ ቀይ ካልሆነ ተዉት። ተገፍፎና ተቆርጦ የሚሸጠው ፊሌቶ ይህን ምስክር ስለተገፈፈ ከምታውቁት ነጋዴ፣ በበረዶ ላይ ያለውን ብቻ ግዙ።

ዓሣ የምታርዱና ቆዳውን የምትገፍፉ ሰዎች ከእሾሁ ተጠንቀቁ። የአምባዛ የደረት ክንፍ ፊት ላይ ጥርስ ያለው ጠንካራ እሾህ አለ፤ በብዙ የአምባዛ ወገኖች እሾህ ቆዳ ላይም መርዝ የሚሠሩ ሕዋሳት ተገኝተዋል። ከወጋችሁ ቁስሉን አጥባችሁ፣ ሳይልጣችሁ በምትችሉት ሙቅ ውኃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ እጃችሁን አቆዩት፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ትንሽ ጭረት ከሳምንታት በኋላ የማይድን እብጠት ከሆነባችሁ ለሐኪሙ «ዓሣ ነካሁ» ማለትን አትርሱ። ከውኃና ከዓሣ የሚተላለፍ፣ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ አለ፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ቃል የገባሁት የቃጠሎ ነገር እነሆ። ብራዚል ውስጥ፣ ፎርታሌዛ ከተማ፣ የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቆሮሶን ቆዳ ለተቃጠለ ሰው መሸፈኛ አድርገው ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ የታችኛው የቆሮሶ ቆዳ ኮላጅን በሚባለው ፕሮቲን የበለጸገ ነው። ምስሉ በየስልኩ ሲዞር ግን መካከለኛው ታሪክ ይቀራል። ያ ቆዳ ቅርፊቱ ተነሥቶለታል፣ ጀርም በሚገድል መድኃኒት ታጥቧል፣ በግሊሰሮል ተዘፍዝፏል፣ በጨረርም ታክሟል። ከገበያ የመጣው ዓሣ ቆዳ ከዚህ አንዱንም አላየም፣ ዝልግልጉም የባክቴሪያ ማሕደር ነው። ፉሪ ውስጥ አንዲት እናት የልጇን በሻይ የተቃጠለ ክንድ በጥሬ የዓሣ ቆዳ ልትጠቀልል ስትሰናዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤት ባያስጥላት ቁስሉ ላይ ቁስል ትጨምርበት ነበር። የተቃጠለን ሰው ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ወደ ሐኪም አድርሱት። ሊጥ አይሆንም፣ የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ የዓሣ ቆዳም አይሆንም። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ለዓሦቻችሁም ቢሆን መድኃኒት በግምት አትስጡ። ለጥጡ በሽታ ማላካይት ግሪን የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ጨምሩበት የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ። ሻጋታውን ይገድላል፣ ግን ለሚበላ ዓሣ በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም የተከለከለ ነው፤ ቅሪቱ ከሥጋው ቶሎ አይወጣም፣ ለሰው ጤናም አስጊ ነው።

ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ለፉሪ ሰው ሩቅ አይደለም። ዓሦቻችሁ ሲታመሙ ባለሙያ አማክሩ። የሞተውን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ግን አትሂዱ፣ ጋሼ እንዲያ አድርገው ነው በባዶ እጃቸው የተመለሱት። ታሞ ገና ያልሞተውን፣ በራሱ ኩሬ ውኃ፣ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ፣ በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ውሰዱ። ዓሣ ከሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የቆዳው ሕዋሳት ይፈርሳሉ፤ ያኔ በማይክሮስኮፕ ብዙም የሚታይ ነገር አይኖርም።